የተዋስነው ሾፌር

ብሪክስሃም፣ ማርች 9 ቀን 1944

ሩበን፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጠይቅህ ነበር። ግን ደህና ነኝ ትለኛለህ፣ እኔም አላምንህም፤ ስለዚህ ይቅር። እኛ ደህና ነን። ታምሲን ሌላ ጥርስ አውጥታ የአባቴን ጣት ነከሰችው። ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ካየሁት ዘመን የለውም።

መርከብ ላይ አይደለህም ስልህ «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» ላልከኝ፣ ወይዘሮ ቢድጉድ ናት። ዓሣ ተራ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰለፈበት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ሄስተር፣ ባልሽ መርከብ ላይ ነው ያለው አላልሽንም?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ የእህቴ ልጅ ሃምፕሻየር ውስጥ፣ ባሕር በማይሸትበት ጫካ መሃል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለውሶ አየሁት አለኝ። መርከባችሁ በጭቃ ላይም ይሄዳል እንዴ?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ዓሣዬን ይዤ ቤት ገባሁና ባለፈው ፈቃድ ስትመጣ ያጠብኩልህ ሸሚዝ ትዝ አለኝ። እጅጌው ላይ የነበረው ግራሶ የመርከብ አልነበረም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፣ ሩበን፤ የጀልባ ዘይትን ከሽታው አውቃለሁ። ያኔ ዝም ያልኩህ ደክሞህ ስለነበር ነው።

ድሮ ማን እንዳንኮራፋ፣ ማን የማንን ሳሙና እንደሰረቀ ሳይቀር ትጽፍልኝ ነበር። አሁን ግን ስለ አየሩ ሁለት መስመር። የቀረውንም መቶ አለቃህ በመቀስ ቆርጦ ያስቀረዋል። በተቆረጠው ቀዳዳ ታምሲንን አጮልቄ አየኋት፤ ከደብዳቤህ ያገኘነው ጥቅም ይኸው ነው።

ሌላ ሴት ካለች አንተው ንገረኝ። ከወይዘሮ ቢድጉድ እንዳልሰማው።

ሄስተር

* * *

ማርች 27 ቀን 1944

ሄስተርዬ፣

ይቅርታ ብዬ ልጀምር፤ ከይቅርታ ውጭ የማቀርብልሽ የለኝም። ይህን ደብዳቤ መቶ አለቃ ፋርዲንግ አያየውም። ልብሳችንን የምታጥበው ሴትዮ ከካልሲዎቹ ሥር ሸጉጣ አውጥታ ከተማ ውስጥ ፖስታ ሳጥን ትከተዋለች። ብያዝ ማዕረጌን ይገፍፉኛል፤ ስለዚህ አንብበሽ ምድጃው ውስጥ ጣይው።

ሌላ ሴት የለችም። ያለችው ከብረት የተሠራች ናት፤ ትጮኻለች፣ ትሸታለች፣ በየቀኑ አንድ ነገር ይጎድልባታል። ከመርከብ አውርደው ታንክ ሰጡን። አዎ፣ ለማሪኖች፣ ለባሕር ወታደሮች፣ ታንክ! ብረት ለበስ ደጋፊ ጦር ብለው ስም አወጡልን።

መጀመሪያ የታሰበው እንድንነዳው አልነበረም። ሞተሩን አውጥተው፣ በቦታው ጥይት ሞልተው፣ ጀልባ ላይ እንደ ምሽግ ሊያስቀምጡን ነበር። እግረኛው ወደ ባሕሩ ዳር ሲጠጋ እኛ በራሱ ላይ አሳልፈን እየተኮስን መንገድ እንድንጠርግለት። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ሊጎበኘን መጣና፣ «ጀልባው አሸዋውን ከነካ በኋላ እነዚህ ተቀምጠው ሊያዩ ነው?» አለ። ሞተሮቹ ተመልሰው ገቡ። ታዲያ ማን ይንዳ? እኛ የመርከብ መድፍ ተኳሾች ነን። ከብስክሌት በላይ የነዳ የለንም። ስለዚህ ከምድር ጦሩ ሾፌሮች ተዋስን። የተሰጠን ሥራ አጭር ነው፤ ከባሕሩ ዳር አንድ ማይል ያህል ገብተን መተኮስ፣ ከዚያ በቃ። የት እና መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ለኛ የደረሰን ሾፌር ዊልፍ ቬኒንግ ይባላል። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ደብዳቤም አይመጣለትም። ሃምሳ አለቃ ትሪበል፣ የታንካችን አዛዥ፣ «ደብዳቤ የማይመጣለት ሰው ወይ ሰማይ ቤት ዘመድ አለው፣ ወይ እስር ቤት» ይላል። በአራታችን መሃል ሲቀመጥ ወሬ ይቋረጣል። እውነቱን ለመናገር ማናችንም አናምነውም።

ባለፈው እሁድ ስለ ሚስቶቻችን እያወራን ነበር። እኔ፣ «የኔዋ ልጅ ሳለች የፈላ ሬንጅ ተደፍቶባት እጇ ላይ ጠባሳ አለ» አልኩ።

ቬኒንግ ከጥግ፣ «ግራው» አለ።

ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። ፊቱ ቀላ። «ብዙ ሰው በግራ እጁ ነው የሚቃጠለው» አለና ወጣ።

ሄስተር፣ ይህ ሰው ማን ነው?

ሩበን

* * *

ብሪክስሃም፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1944

ውድ ሩበን፣

ጤናህ እንዴት ነው? ፋሲካን በሰላም አሳለፍን። ቤተ ጸሎቱ በቢጫ አበባ ተሞልቶ ነበር። ሰባኪው እንደ ልማዱ ረዘመብን፤ አባቴ እንደ ልማዱ እንቅልፍ ወሰደው። አሜሪካኖቹ ወደባችንን በሲሚንቶ እየሞሉት ነው፤ ጋዜጣ ላይ አይወጣም እንጂ መንደሩ በሙሉ ቆሞ ያያል። ዝናብ አለ። የማክሰኞው ነፋስ የጎረቤታችንን የዶሮ ቤት ጣራ ነቅሎ ወሰደው፤ ዶሮዎቹ ግን ተርፈዋል።

ቬኒንግ የሚባል ሰው አላውቅም።

ስለ ጠባሳዬ ላልከው፣ ከእጄ ዓሣ የገዛ ሁሉ አይቶታል። ግማሽ የዴቨን አውራጃ ያውቀዋል ማለት ነው። ምናልባት አንድ ቀን በዚህ ሲያልፍ ገዝቶ ይሆናል።

ለመሆኑ ሰውዬው ይበላል ወይ? አይጠጣም ስላልክ ነው፤ የማይጠጣ ሰው አንዳንዴ ምግብም አይወድም። ሰዎቹስ አይተናኮሉትም? አንተ አትጩህበት። የሚነዳችሁ እሱ አይደል? ሾፌርን ያስቀየመ የት ይደርሳል? ሳል አለው እንዴ? ታንክ ውስጥ ጭሱ ብዙ ነው ብዬ ነው።

ታምሲን «ባባ» ማለት ጀምራለች። ለድመቷም እንደዚያው ስለምትል ብዙ አትኩራ።

ሄስተር

* * *

ሜይ 4 ቀን 1944

ሄስተር፣

ይህም ከካልሲ ሥር ነው የሚወጣው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ እኔ ጤና አንድ ጊዜ ጠየቅሽ። ስለ እሱ ምግብ፣ ስለ እሱ ሳል፣ ስለሚተናኮሉት ሰዎች ጠየቅሽ። ስለ ጎረቤት ዶሮ ሳይቀር ብዙ ጻፍሽ፤ ለጥያቄዬ ግን አንዲት መስመር። አንቺን አውቅሻለሁ። እውነት ስትናገሪ ታስረዝሚያለሽ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔም ጎረጎርኩ። ሰንሰለቱን ግራሶ እየቀባን ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ሚስቴን ከየት ነው የምታውቃት?» አልኩት።

መፍቻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አውቃታለሁ አልኩህ?»

«ግራው ብለህ የለም እንዴ!»

«እሷን ጠይቃት።»

«ጠየቅኋት። አላውቀውም አለች።»

ፈገግ አለ፣ ሄስተር። ያ ፈገግታ እስካሁን ያቃጥለኛል። «እንደሱ ካለች እንደሱ ነው» አለኝ።

ኮሌታውን አንቄ ከብረቱ ጋር አጋጨሁት። ሰው ሲታነቅ እጁ በራሱ ጊዜ ይነሳል። የሱ አልተነሳም። ሁለት እጁን አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ያየኛል።

«ተከላከል እንጂ! ፈሪ ነህ እንዴ?»

«ይሆናል» አለ። «ምታኝ ከፈለግህ። እኔ ለእሷ ቃል ሰጥቻለሁ፣ አስር አለቃ፤ ከኔ አፍ ምንም አታገኝም።»

አየሽ? ቃል ሰጥቶሻል። የማያውቁትን ሰው ስንት ጊዜ ቃል ያስገቡታል?

መቶ አለቃ ፋርዲንግ ዘንድ ገብቼ ሾፌር ይቀየርልን አልኩት። «ምክንያት?» አለኝ። ምን ልበለው? ሚስቴን ያውቃታል ልበለው? ሰውዬው ሥራውን እንደማያውቅ አድርጌ ቀባጠርኩ። ሳቀብኝ። «ቶዘር፣ ካሉን ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ሂድና መድፍህን ወልውል» አለኝ።

እኔ ከላይ መድፉ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ ከታች ፊት ለፊት። ነፍሴ ያለችው በሱ እጅ ነው። ይህን እያወቅሽ ነው ዝም የምትዪኝ? ማነው? ከኔ በፊት ነበር ወይስ ከኔ በኋላ? ከዚህ በኋላ አልጠይቅሽም።

ሩበን

* * *

ብሪክስሃም፣ ሜይ 21 ቀን 1944

ሩበን፣

ብቻህን ሆነህ አንብበው። ሰው አጠገብህ ካለ አጥፈህ ኪስህ ክተተው።

ዊልፍ ቬኒንግ ወንድሜ ነው። ሙሉ ስሙ ሳይላስ ዊልፍሬድ ሆኪንግ ነው፤ ቬኒንግ እናታችን ከማግባቷ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም ነው። አዎ፣ በሳንባ በሽታ ሞተ ያልኩህ ሳይላስ። አልሞተም። አባቴ ነው የገደለው፣ በአፉ።

በ1940 ለውትድርና ሲጠሩት ሰው አልገድልም አለ። ዳኞቹ ፊት ቀርቦም ያንኑ ደገመው፤ አሰሩት። ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በራችን ላይ ቢጫ ቀለም ደፉበት። አባቴ በቀድሞው ጦርነት ሁለት ጣቱን ፈረንሳይ ጥሎ የመጣ ሰው ነው። የሳይላስን ወንበር ከጠረጴዛው አንስቶ ጓሮ አውጥቶ ፈለጠው። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ በሳንባ በሽታ ሞቷል። ለጠየቀ ሁሉ እንዲህ በሉ» አለን። እናቴ እስክትሞት ድረስ እንዲሁ አለች። እኔም አልኩ። መንደሩም አባቴን አክብሮ ስሙን ማንሳት ተወ።

በኋላ ኤክሰተር በቦምብ ስትቃጠል ከእስር ወጥቶ ፍርስራሽ የሚቆፍሩት ሰዎች ጋር ይሠራ ነበር። ምን እንዳወጣ፣ ማንን እንዳወጣ አልነገረኝም። ተደብቀን ስንገናኝ አንዲት ነገር ብቻ ነው ያለኝ፤ «ሬሳ ከማውጣት አስቀድሞ መድረስ ይሻላል።» ከዚያ ሄዶ ተመዘገበ። ያ የጋዜጣ ስም እንዳይከተለው የእናታችንን ስም ያዘ። ታንክ እንደሚነዳ አውቅ ነበር። ያንተን ታንክ መሆኑን ያወቅሁት ካንተው ደብዳቤ ነው፤ ስምህን ሲሰማ እሱ ምን እንደተሰማው አስበው።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። ልንጋባ ጥቂት ሲቀረን፣ ወንድምህ የሰጠመበት መርከብ ወሬ ገና ትኩስ ሳለ፣ እዚሁ ጠረጴዛችን ላይ፣ «አልዋጋም የሚሉትን አንድ በአንድ አንገታቸው ላይ ድንጋይ አስሬ ባሕር እከታቸው ነበር» አልክ። አባቴ ብርጭቆውን አነሳልህ። እኔ ሾርባ እየቀዳሁ ነበር። ለማን ልናገር፣ ሩበን? ላንተ ወይስ ለሱ? ሳይላስ ይህን ስነግረው፣ «በይ፣ እኔ በትዳርሽ መሃል አልቆምም፤ እንደሞትኩ ልቅር» ብሎ ቃል ገባልኝ። ቃሉን እንደጠበቀ አንተው ጻፍክልኝ።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ልለምንህ ግን እችላለሁ፤ ለሰዎቹ አትንገራቸው። እዚያ ጀልባ ላይ ማን ማንን ገፍቶ እንደጣለ ማን ያያል? እንደማትነግራቸው እርግጠኛ ብሆን ደስ ባለኝ። አይደለሁም።

ሄስተር

* * *

ጁን 3 ቀን 1944

ሄስተር፣

በሽቦ አጥር አጥረውናል፤ ሰው አይወጣም፣ አይገባም። ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚለቀቅ አይታወቅም። ፖስታ መጥቷል ይሉናል እንጂ አያድሉንም። የሚያድሉ ቢሆንም ያንቺ እዚያ ውስጥ መኖሩን እንጃ።

ዝምታሽን መልስ አድርጌ ወስጄዋለሁ።

ሰውዬው ዛሬ ኮፍያውን አንጥፎ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አስር አለቃ፣ ዋና ትችላለህ?» አለኝ። ማሪን ነኝ አልኩት። «እኔ አልችልም» አለና ሳቀ። ትሪበል ከኋላ ሆኖ በጆሮዬ፣ «ሲሰጥም ማነው የሚያወጣው? አንተ?» አለኝ።

ታምሲንን ሳሚልኝ። አንቺን ምን እንደምልሽ አላውቅም።

ሩበን

* * *

ጁን 30 ቀን 1944

ውድ ሄስተር፣

በሕይወት አለሁ። እንግሊዝ ተመልሻለሁ። እጄ ላይ ትንሽ ቃጠሎ አለ፤ እየዳነ ነው። የሜይ ደብዳቤሽ አንድ የፈረንሳይ ከብት በረት ውስጥ ደረሰኝ፣ ብቻዬን ሆኜ አነበብኩት።

አንድ ማይል የተባልነው ውሸት ሆነ። የሚያቆመን ስላጣን ገፋን፤ ሁለት ሳምንት ያህል ከእግረኛው ጋር ነበርን። ከዚያ ሥራችሁ አልቋል ተባለና ታንኮቹን አስረክበን ተመለስን።

ዊልፍ ጤነኛ ነው። አንድም ጭረት የለበትም። የምድር ጦሩ ወሰደው። በደንብ ይበላል፣ ሳልም የለውም። ስለሱ አታስቢ።

አየሩ ጥሩ ነው። በቅርቡ ፈቃድ ይሰጡን ይሆናል።

ሩበን

* * *

ብሪክስሃም፣ ኦገስት 2 ቀን 1944

ሩበን፣

በሕይወት በመመለስህ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ፤ በየቀኑ አመሰግናለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ እንዳትረሳው ነው።

ትናንት ፖሊሱ ሚስተር ላስኮም ቤታችን መጣ። አባቴ በር ከፈተለት። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፣ ታምሲንን ታቅፌ።

«ሳይላስ ዊልፍሬድ ሆኪንግ ልጅህ ነው?» አለው።

«ልጄ ሞቷል» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ሟቹ ከጁን ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ታስሯል» አለው ሚስተር ላስኮም። ሊቀልድ አልነበረም። ወረቀቱን ሊያጣራ ነው የመጣው። ጦር ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፣ ስሙን ቀይሮ እንደነበር ታውቋል፣ ቤተሰቡ ያውቅ ነበር ወይ፣ አለ። አባቴ በሩን ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። ቬኒንግ ሳይላስ መሆኑን የምናውቅ ስንት ሰው ነን? አባቴ ስሙን አያነሳም። እኔ አልተናገርኩም። ሳይላስ ሁለት ዓመት ያህል ደብቆ ኖሯል። ከጁን ወዲህ ደግሞ አንተ አወቅህ፤ በጁን ደግሞ ታሰረ።

ያች የጁን ደብዳቤህ ገና ስትደርሰኝ ደስ አላለችኝም። «ጤነኛ ነው፣ በደንብ ይበላል፣ አየሩ ጥሩ ነው።» እኔ ቬኒንግ የሚባል ሰው አላውቅም ብዬ የጻፍኩልህን ነው የመሰለኝ። «የምድር ጦሩ ወሰደው» ትለኛለህ። እንዴት አድርጎ ወሰደው?

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። አሳልፈህ ሰጠኸው ወይ?

ሄስተር

* * *

ኦገስት 17 ቀን 1944

ሄስተርዬ፣

ዘግይቼ የጻፍኩት ፍርዱ ትናንት ስላለቀ ነው። ችሎቱ የተያዘው እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ እሱን ከፈረንሳይ አምጥተውት ነበር፣ እኛንም ለምስክርነት ጠሩን። እስኪያልቅ ድረስ ምንም እንዳንጽፍ መቶ አለቃው አስጠንቅቆን ነበር፤ ሳይላስም «አታስጨንቃት» ብሎኝ ነበር። ያችን የአየር ሁኔታ ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የምድር ጦሩ ወሰደው ያልኩሽ እውነት ነው። የወሰደው በሁለት ጠመንጃ ያዥ መካከል አድርጎ ነው።

አልሰጠሁትም። ግን እንዳሰብሽው ያህል ንጹሕ አይደለሁም። ከብት በረቱ ውስጥ ደብዳቤሽን አንብቤ ስወጣ፣ ትሪበል ደጃፉ ላይ ጢሙን እየላጨ ነበር። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። «ሃምሳ አለቃ» አልኩት። «ምን?» አለኝ። ያኔ ጀልባው ትዝ አለኝ።

ወደ ፈረንሳይ የተሻገርን ቀን ማዕበሉ ሌላ ነበር። ጀልባዎቻችን ላይ ብረት ጨማምረውባቸው ስለነበር ከላይ ከብደው ያዘነብላሉ። ከአጠገባችን የነበረችው ተገልብጣ ስትሄድ አየናት። እኛ ላይ ሆነን የያዝነውን ጨብጠን ጸሎት ይዘናል፤ እሱ ከታች፣ ታንኩ ውስጥ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ተቀምጧል። ዋና የማይችለው እሱ ነው። ብንገለበጥ የማይወጣውም እሱ ነው። ወደ ላይ ብቅ ብሎ አላየም። ትሪበል ማስመለስ ጀምሮት ትእዛዝ መስጠት ሲያቅተው፣ ከታች አንድ ድምፅ፣ «ደረስን እንዴ? ልንዳ?» አለ። ልክ የገበያ ጋሪ እንደሚነዳ ሰው። ነዳን።

«ምን?» ሲለኝ ታዲያ፣ «ሳሙናህን አውሰኝ» አልኩት ትሪበልን።

የዚያኑ ዕለት ለሳይላስ ሻይ ይዤለት ሄድኩ። «ሄስተር ጻፈችልኝ» አልኩት።

ኩባያውን ሳይቀበለኝ ቆየ። «ድንጋይ ይዘህ መጣህ?» አለኝ።

ነግረሽው ነበር ማለት ነው። «ሻይ ነው የያዝኩት። ተቀበለኝ፣ እጄን አቃጠለኝ» አልኩት። ተቀብሎ ጠጣው።

ከዚያ አንድ የእርሻ ቤት ፊታችን ገጠመን። ከፎቁ ላይ መትረየስ እግረኞቻችንን ያጭዳል። መድፉ በተተከለበት በታንካችን ቆብ ዙሪያ ነጭ ቁጥር እንደ ኮምፓስ ተቀብቷል፤ ከውጭ ሆኖ የሚያይልን መኮንን ቁጥሩን በሬዲዮ ይጠራል፣ እኔ መድፉን ወደዚያ አዙሬ እተኩሳለሁ። እኔ የማየው ቁጥር ነው። ሳይላስ ግን ከታች በቀዳዳው የሚያየው ቤቱን ነው። ተኮስኩ፤ መትረየሱ ዝም አለ። ከዚያ ሳይላስ ማንም ሳያዘው ከታንኩ ዘሎ ወርዶ ወደ ቤቱ ሮጠ። ትሪበል እየተሳደበ ተከተለው። ሳይላስ አንዲት ሴትዮ በጀርባው አዝሎ ወጣ፤ ተመልሶ ገባና ሌላ ሰው አወጣ፤ ያኛው ሞቶ ነበር። ተመልሶ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሳ። እስከ መጨረሻው ድረስ ነዳን፣ አንድም ትእዛዝ አላጎደለም።

የኛ ጦር ፈረሰ ተባለ። እኛ ወደ አገር ቤት፣ ሾፌሮቹ ወደ ሌላ ክፍለ ጦር። አንድ ሻለቃ ለሾፌሮቹ አዲስ ታንክ ሲያድል ሳይላስ ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ እነዚህን ሰዎች አድርሳቸው ተብዬ አድርሻቸዋለሁ። ከእንግዲህ ታንክ አልነዳም። ቃሬዛ ስጡኝ፣ ከሁሉ ፊት እሄዳለሁ» አለ። ሻለቃው ቀልድ መሰለው። መልሶ አዘዘው። መልሶ እምቢ አለ። ሊያስሩት ስምህን ተናገር ሲሉት፣ ሄስተር፣ እሱው ራሱ ነው «ሳይላስ ዊልፍሬድ ሆኪንግ» ያለው። ቆሜ ሰምቻለሁ። ፊቱን ብታይው፣ ጠባብ ጫማ ያወለቀ ሰው ይመስል ነበር።

ችሎቱ ላይ እኔና ትሪበል ምስክር ሆነን ቀረብን። ዳኛው ሽበታም ኮሎኔል ነው። ከፊቱ ወረቀት ነበረው፤ እስር ቤቱ፣ ጋዜጣው፣ ሁሉም ተጽፎበታል። ጮክ ብሎ አነበበው። ትሪበልና ከኋላ የተቀመጡት የታንካችን ልጆች ያን ጊዜ ነው የሰሙት።

«አስር አለቃ ቶዘር፣ እስረኛው ፈሪ ነው?» አለኝ።

«ፈሪ ቢሆን ኖሮ ጌታዬ፣ እኔ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልመልስልዎትም ነበር።»

«አልዋጋም ባይ እንደነበር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

ወረቀቱን ገልብጦ አየ። «አንተ ወንድምህን በባሕር ላይ ያጣህ ሰው ነህ። በሜይ ወር ይህን ሰው ቀይሩልኝ ብለሃል። ዛሬ ደግሞ ትሟገትለታለህ። ምንህ ነው ይህ ሰው?»

ሾፌራችን ነው ልል ነበር። ሳይላስ እውነቱን እንዳትናገር ብሎ በዓይኑ ለመነኝ፤ ቃሉን ሊጠብቅልሽ አሁንም።

«የልጄ አጎት ነው» አልኩ።

ኮሎኔሉ መነጽሩን አወለቀ። ጸሐፊው ቀና አለ። ሳይላስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ያን ጊዜ ነው በመጀመሪያ ሲያለቅስ ያየሁት። ከዚያ ትሪበል ሳይጠሩት ብድግ ብሎ፣ «ባሕር ላይ ሳስታውክ በኔ ፈንታ ትእዛዝ የሰጠውም እሱ ነው፣ ጌታዬ፤ ይጻፍልኝ» አለ። አስቀመጡት።

ይህ ሁሉ አላዳነውም። ሁለት ዓመት ፈረዱበት። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው አሉ። ሲያወጡት አጠገቤ ሲደርስ፣ «ለሄስተር ደህና ነኝ በላት» አለኝ፣ «ግን አየሩ ጥሩ ነው እንዳትላት።» ስለዚህ አልልም። እዚህ ይዘንባል።

ውጭ ትሪበል ሲጋራ አቀበለኝ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ «አማችህ መሆኑን ብትነግረን ኖሮ ስድቡን እንቀንስለት አልነበር፣ አንተ ደደብ!» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ጠርጥረሽኛል፤ አልተቀየምኩም። እኔም ጠርጥሬሻለሁ፣ ያውም በክፉ። ከእንግዲህ ግን እኔና አንቺ መቀስ የገባበት ደብዳቤ ይበቃናል።

ሐሙስ በባቡር እመጣለሁ። ለአባትሽ አንቺ ምንም አትንገሪው። እኔ ነኝ የምነግረው፤ ማሪን ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ ታምሲንን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ብርጭቆውን ባነሳልኝ ጠረጴዛ ላይ።

ሩበን